የሲስተሙ ባለቤት ማን ነው?

ጥያቄው ከጎንደር ነው የመጣው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«በከተማችን ባለ አንድ የመንግሥት አገልግሎት ሰጪ ተቋም የዕቅድና ክትትል ኃላፊ ነኝ። የደንበኛ መዝገብና የሂሳብ መሰብሰቢያ ሲስተም ማሠራት ከጀመርን አምስት ዓመት ሊሞላን ነው። የመጀመሪያው አቅራቢ ግማሽ ላይ ጥሎን ሄደ። ሁለተኛው ጨርሻለሁ ይላል፤ ሠራተኛው ግን ዛሬም በመዝገብና በኤክሴል ነው የሚሠራው። አለቆቼ ‹ጎበዝ ድርጅት ፈልጉ› ይሉኛል። የአይሲቲ ክፍላችን ሦስት ልጆች አሉት። እኔ ግን ጉድለቱ ከራሳችን ሳይሆን አይቀርም ብዬ መጠርጠር ጀምሬያለሁ። የአይቲ ፕሮጀክት ለመምራት ተቋሙ ራሱ ምን መቻል አለበት? ሰው መርጠን የፕሮጀክት ማኔጅመንት ሰርተፍኬት ብናስወስድስ? ሁለተኛውን አቅራቢስ እናሰናብተው?»

ጥርጣሬዎ ልክ ነው። አቅራቢው ተቀይሮም ውጤቱ ያው ከሆነ፣ ያልተቀየረው ማን እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። አቅራቢዎቹ ንጹሕ ናቸው ማለቴ አይደለም። የማያውቅ ገዢ ሲያገኝ ደስ የሚለው አቅራቢ ሞልቷል። እሱን ልክ ማስያዝም ግን የተቋም ችሎታ ነው።

ይህንን ጉዳይ በደንብ ያጠኑ ሰዎች አሉ። ዴቪድ ፊኒ እና ሌስሊ ዊልኮክስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ጽሑፍ አንድ ጥያቄ አነሡ። ጊዜው ትልልቅ ድርጅቶች የአይቲ ሥራቸውን ለውጭ ኩባንያ የሚያስረክቡበት ነበር። ሁሉንም ለሌላ ሰጥተን በእጃችን መቅረት ያለበት ምንድን ነው? ዘጠኝ ችሎታዎችን ለዩ። ከዘጠኙ አራቱ ስለ መግዛትና ስለ አቅራቢ ናቸው። አውቆ መግዛት፣ በውሉ መሃል የሚነሣውን ጭቅጭቅ መፍታት፣ ውሉን መከታተል፣ ከአቅራቢው ጋር በረጅሙ ተጠቃቅሞ መሥራት። ለቴክኖሎጂው የቀረቡት ሁለት ብቻ ናቸው። አንዱ የሲስተሞቻችሁን አጠቃላይ አደረጃጀት ማቀድ ነው። ሌላው ችግር ሲፈጠር ገብቶ ማስተካከል የሚችል ሰው መያዝ ነው። ፕሮግራም መጻፍ ራሱን ችሎ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። እሱ ይገዛል።

ዘጠኙንም አልተነትንም። እናንተ ዘንድ የጎደለው የትኛው እንደሆነ ከጥያቄዎ ስለሚታየኝ እሱ ላይ ልቆይ።

ጥያቄዎ ውስጥ አንድ ሰው አጣሁ። አለቆች አሉ። የአይሲቲ ልጆች አሉ። አቅራቢው አለ። እርስዎ አሉ። «ይህ ሲስተም የኔ ነው» የሚል ግን የለም። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባል የለ? ባለቤት የምለው በደብዳቤ የተመደበ፣ ሥራውን ራሱ የሚመራ፣ ሰውና ገንዘብ ማዘዝ የሚችል ኃላፊ ነው። የእናንተው የሂሳብ መሰብሰቢያ ስለሆነ ባለቤቱ የደንበኞች አገልግሎት ወይም የገቢ ሂሳብ ኃላፊው ነው። የአይሲቲ ክፍሉ አይሆንም። እርስዎም አይሆኑም፤ የእርስዎ ሥራ መከታተል ነው።

ለምን እንዲህ አጥብቄ እንደምናገር ላስረዳ። አንድ ፕሮግራመር ሥራ ላይ ሳለ ከኮምፒውተር ጋር የማይገናኙ ጥያቄዎች ይመጡበታል። ውዝፍ ያለበት ደንበኛ ቅጣቱ ከየትኛው ቀን ይቆጠራል? አንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ተከራይ ካለ ሂሳቡ በማን ስም ይወጣል? ደንበኛው ቢሞት ውሉ ለወራሽ የሚዞረው በምን ማስረጃ ነው? የተሳሳተ ደረሰኝ የሚሰርዘው ማን ነው፣ በማን ፈቃድ? ይህን ከዩኒቨርሲቲ በወጣ በሁለተኛ ዓመቱ ያለ ልጅ ሊወስን አይገባውም። መልስ ካጣ ግን ይወስናል። ማታ ብቻውን ተቀምጦ፣ የመሰለውን ኮዱ ውስጥ ይጽፋል። ሲስተሙ በመጣ ቀን ገንዘብ ተቀባይዋ «እኛ እንዲህ አንሠራም» ትላለች። እውነቷን ነው። ልጁም አላጠፋም።

«ኮሚቴ አለን» እንደሚሉኝ እጠብቃለሁ። ኮሚቴ ጨረታ ለመገምገም ጥሩ ነው፤ ሕጉም ይፈልገዋል። ለዕለት ውሳኔ ግን አይሆንም። አንዱ ስብሰባ ላይ ነው፣ አንዱ ባሕር ዳር ለሥራ ሄዷል፣ ኮረም አልሞላም፣ ለሳምንት ይተላለፍ። አቅራቢውም ይህን ይወደዋል። ሥራው ሲዘገይ «መልስ ስላልተሰጠኝ ነው» ብሎ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ደብዳቤውም እውነት ይሆናል። ኮሚቴው ይኑር። ባለቤቱ ብቻውን የሚወስነው ምን እንደሆነ ግን በጽሑፍ ይለይለት። እኔ ብሆን «አቅራቢው በጽሑፍ የጠየቀው የአሠራር ጥያቄ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ መልስ ያገኛል» የሚል አንድ መስመር በማኔጅመንት አጸድቄ እጀምር ነበር። አንድ ወር ይሞክሩት። ማን መወሰን እንደማይፈልግ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

ሌላው የኛ አገር ጣጣ ሹም ሽሩ ነው። ዛሬ የተስማማችሁበትን ነገ የሚመጣው ኃላፊ አያውቀውም። ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስልዎ። የአሜሪካው የፌዴራል የወንጀል ምርመራ ቢሮ፣ ኤፍቢአይ፣ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የምርመራ መዝገቦቹን ወደ ኮምፒውተር ለማዞር «ቨርቹዋል ኬዝ ፋይል» የሚባል ሲስተም ያሠራ ነበር። በ2005 ሙሉ በሙሉ ጣለው። 170 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበታል። በኋላ የተደረገው ምርመራ ካነሣቸው ምክንያቶች ሁለቱን እናንተም ታውቋቸዋላችሁ። ምን እንደሚፈለግ ሳይቆረጥ ሥራው መጀመሩ አንዱ ነው። የአይቲ ኃላፊዎቹ ቶሎ ቶሎ መለዋወጣቸው ሌላው። ተተኪው «ሴንቲነል» በ2006 ተጀመረ። እሱም መሃል መንገድ ላይ መንገዳገድ ሲጀምር ተቋሙ በ2010 ሥራውን ከኮንትራክተሩ ተረክቦ በራሱ አመራር፣ በትንሽ ቡድን ቀጠለ። በ2012 ሲስተሙ ሥራ ጀመረ። ብር ያልቸገረው መሥሪያ ቤት ነው እንግዲህ።

ሹም ሽርን እርስዎ አያስቆሙትም። ጉዳቱን ግን በአንድ ደብተር መቀነስ ይቻላል። የውሳኔ መዝገብ ይክፈቱ። ቀን፣ የተነሣው ጥያቄ፣ የተወሰነው፣ የወሰነው ሰው፣ ምክንያቱ። ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ቃለ ጉባኤ ይህን ሥራ አይሠራም፤ ማን ምን አለ የሚለው በዝቶበት ውሳኔው አይገኝም። አዲስ ኃላፊ ሲመጣ በመጀመሪያው ሳምንት መዝገቡን ያንብብ። መቀየር የሚፈልገው ካለ ይቀይር፣ ግን ምን እንደሚያስከፍል አውቆ።

ወደ ሁለተኛው ጉድለት ልሻገር። ይህኛው ሥራውን ማወቅ ነው። ድግስ የሚደግስ ሰው ወጥ ሠሪ ሊቀጥር ይችላል። ስንት ሰው እንደሚጠራ፣ ማን ጿሚ እንደሆነ፣ ማን ከማን ጋር እንደማይቀመጥ ግን ወጥ ሠሪዋ አታውቅም። አቅራቢም እንደዚያው ነው።

የጨረታ ሰነዳችሁን አላየሁትም፤ ግን ልገምት። «ሲስተሙ ዘመናዊ፣ ለአጠቃቀም ቀላል፣ ፈጣንና አስተማማኝ መሆን አለበት» የሚል ዓረፍተ ነገር አለበት። ከሌላ መሥሪያ ቤት ቲኦአር (የሥራው ዝርዝር መግለጫ) ተገልብጦ ስሙ ተቀይሯል። (የሌላው ከተማ ስም ገጽ 14 ላይ ሳይጠፋ የቀረበት ሰነድ በዓይኔ አይቻለሁ።) እንዲህ ያለ ሰነድ ይዞ የመጣን ገዢ ማንም ያሸንፈዋል። «ቀላል» ማለት ምን ማለት ነው? አቅራቢው ቀላል ነው ካለ በምን ይከራከሩታል?

ይልቅ እንዲህ ያድርጉ። ከባለቤቱ ጋር ሆነው ገንዘብ መቀበያ መስኮቱ ኋላ ይቀመጡ። አንድ ቀን አይበቃም። ወር መጨረሻ ላይ አንዴ፣ ከገጠር ሰው በሚበዛበት በቅዳሜ ገበያ ሰሞን አንዴ፣ መብራት የጠፋ ዕለት ደግሞ አንዴ። ደንበኛ ይዞት የሚመጣውን ወረቀት ሁሉ ቅጂ ይውሰዱ። ሠራተኛዋ በራሷ ደብተር ጥግ የምትጽፈውን ማስታወሻ ይጠይቋት። እዚያ ጥግ ላይ ያለው ነው ዋናው አሠራራችሁ። መመሪያው ላይ ያለው ለእንግዳ የሚነገረው ነው። መደበኛውን ሥራ የትኛውም ሲስተም ይሠራዋል። ሲስተም የሚወድቀው በልዩ ልዩ ሁኔታዎች ላይ ነው፣ እነሱን ደግሞ የምታውቀው ያቺ ሠራተኛ ነች።

ከዚህ ጋር የሚሄደው የዳታ ጉዳይ ነው። በእኔ ግምት እስከ ዛሬ ሲስተማችሁ ሥራ ያልጀመረበት ትልቁ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። መዝገባችሁን ያስቡት። አንዱ ሠራተኛ «ኃይሉ» ብሎ ጽፏል፣ ሌላው «ሃይሉ»፣ ሦስተኛው «ሐይሉ»። ለኮምፒውተር ሦስት ሰዎች ናቸው። «ጸሐይ» እና «ፀሃይ»ም እንዲሁ። አንዱ የአያት ስም አለው፣ ሌላው የለውም። አድራሻው አንዳንዱ በድሮ ቀበሌ ቁጥር ነው፣ አንዳንዱ በክፍለ ከተማ፣ አንዳንዱ «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ» ብቻ ነው የሚለው። አቅራቢው «ዳታውን በኤክሴል ስጡኝ» ይላል። እናንተ ያላችሁን ትሰጡታላችሁ። እሱ እንዳለ ይጭነዋል። ሠራተኛዋ ደንበኛውን ፈልጋ ስታጣው ወደ መዝገቧ ትመለሳለች።

ዳታ ማጽዳት የአቅራቢ ሥራ አይደለም። የማራኪው ኃይሉና የአዘዞው ሃይሉ አንድ ሰው ይሁኑ ሁለት የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ሲስተሙ ፊደሎቹን አመሳስሎ እንዲፈልግ ማድረግ ግን የአቅራቢው ነው፤ ይህን ውል ውስጥ አስገቡት። ጽዳቱ ወራት ይፈጃል። ጥሩነቱ አቅራቢ መጠበቅ አያስፈልገውም፣ ማንኛውም ሲስተም ቢመጣ ይጠቅማል። ነገ መጀመር ይቻላል። በአንድ ክፍለ ከተማ ይጀምሩ። ለእያንዳንዱ ደንበኛ የማይደገም አንድ መለያ ቁጥር ይስጡት፣ ስሙ ቢሳሳትም ቁጥሩ እንዲይዘው። ስልክ ቁጥር ያሟሉ። ዳታው የሰዎች የግል መረጃ መሆኑንም አይርሱ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የደንበኛ ዝርዝር በፍላሽ ተይዞ ከቢሮ ቢሮ የሚዞር ነገር መሆን የለበትም።

አሁን ስለ ውልና ስለ ርክክብ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ገንዘብ የሚፈሰው።

የኛ በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል። ሰኔ ሲመጣ «በጀቱ ተመላሽ ሳይሆን እንክፈል» ይባላል። አቅራቢውም ያውቃል። ሲስተሙ ግማሽ ነው፣ ግን የርክክብ ደብዳቤ ይጻፋል፣ ኮሚቴው ይፈርማል፣ ገንዘቡ ይወጣል። የሰርቨሩ ዕቃ ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ተቆርጦለት ንብረት ክፍል ገብቷል፤ ሪፖርት ላይ «100 ፐርሰንት ተጠናቋል» ይባላል። ከሐምሌ 1 በኋላ አቅራቢው ስልክ የሚያነሣው ሲመቸው ነው። ስለዚህ ትልቁን ክፍያ ሰኔ ላይ የሚያሳርፍ ውል አትፈርሙ። ክፍያውን በሥራ ከፋፍሉት። አንድ ቅርንጫፍ በእውነተኛ ደንበኛ የአንድ ወር ሂሳብ በሲስተሙ ሠርቶ ሲዘጋ አንድ ክፍያ። ሁሉም ቅርንጫፎች ሁለት ወር በተከታታይ ሲዘጉ ሌላ። የመጨረሻው ደግሞ ከርክክብ በኋላ ብልሽት ሲጠገን የሚቆይ ይሁን። በሰነድ ብዛት ወይም «ሞጁል (የሲስተሙ አንድ ክፍል) ተጠናቋል» ስለተባለ አትክፈሉ። ሞጁል ማለት ሜኑ ላይ የሚታይ ስም ሊሆን ይችላል።

ለርክክብ መፈተኛውን የሚያዘጋጀው ገዢው ነው። አቅራቢው ራሱ ያዘጋጀውን ፈተና ራሱ ያልፋል፤ ይህ የሚያስደንቅ አይደለም። ለእናንተ ዓይነት ሲስተም እኔ የማስገባቸውን ጥቂቶች ልንገርዎ። የጳጉሜ ሂሳብ እንዴት ይወጣል፣ ለብቻው ነው ወይስ ከነሐሴ ጋር? 2019 ዓ.ም. ጳጉሜ 6 ቀን ትሆናለች፣ ሲስተሙ ስድስተኛዋን ቀን ይቀበላል? ደረሰኙ ላይ ሰዓቱ በኛ አቆጣጠር ነው ወይስ ስድስት ሰዓት የተፋለሰ? ገንዘብ ተቀባይዋ ደረሰኝ ቆርጣ መብራት ቢጠፋ፣ ሲመለስ ክፍያው አለ፣ የለም ወይስ ሁለት ጊዜ ገብቷል? በቴሌብር የተከፈለው የቀኑ ድምር ከሲስተሙ ድምር ጋር በሳንቲም ይገጥማል? የደረሰኝ ስረዛ ማን እንደሠራው ይታያል? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ባክአፕ (የዳታው መጠባበቂያ ቅጂ) አለ ሲሏችሁ ባዶ ኮምፒውተር አቅርባችሁ «እዚህ ላይ አስነሡት» በሉ። ተነሥቶ ካላያችሁ ባክአፕ የለም ብላችሁ ያዙት።

ፈተናውን ለመጨረሻ ማቆየትም አደጋ አለው። የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን መሸጫ ድረ ገጹን እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2013 ከፈተ። ብዙ ኮንትራክተሮች ቁርጥራጩን ሠርተውታል። ቁርጥራጩን የማገጣጠሙን ሥራ የያዘው ግን አሠሪው መሥሪያ ቤት ራሱ ነበር፤ ለዚያ የሚሆን አቅም አልነበረውም። ከጫፍ እስከ ጫፍ የተፈተነው መክፈቻው ደጃፍ ላይ ሲደርስ ነው። በመጀመሪያው ቀን ምዝገባውን የጨረሱት ስድስት ሰዎች እንደነበሩ በኋላ የወጡ ሰነዶች አሳይተዋል። እናንተም ሰርቨሩን ከአንዱ፣ ኔትወርኩን ከሌላው፣ ሶፍትዌሩን ከሦስተኛው ገዝታችሁ ከሆነ አገጣጣሚው ማን እንደሆነ ውሉን ገልጣችሁ እዩ። ስም ካልተጻፈ አገጣጣሚው እናንተ ናችሁ።

ስለ ሠራተኛው ላንሣ። «ሠራተኛው ለውጥ አይወድም» የሚባለው ነገር ያናድደኛል። ያው ሠራተኛ ቴሌብርን በሁለት ቀን ለምዶ ዕድሜውን ሙሉ የተጠቀመበት ይመስላል። የማይወደው ሥራ የሚያበዛበትን ሲስተም ነው። ቀን በመዝገብ፣ ማታ ደግሞ ያንኑ ወደ ሲስተም እንዲያስገባ ከታዘዘ፣ የሚተወው የትኛውን እንደሆነ ግልጽ ነው። ለጥቂት ጊዜ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ያስፈልጋል፤ ግን መዝገቡ የሚዘጋበት ቀን አስቀድሞ ይነገር፣ ቀኑም ይከበር። ስልጠናውን በተመለከተ፣ ሁሉን ሰብስቦ ሆቴል ውስጥ ለሁለት ቀን በስላይድ ማስተማር ለአበሉ ካልሆነ ብዙም አይጠቅምም። አንድ የአይሲቲ ልጅ መስኮቱ አጠገብ ለሁለት ሳምንት ቢቀመጥ ይበልጣል። በመዝገቡ ግራ መጋባት የሚጠቀም ሰውም አይጠፋም። ሲስተሙን «አይሠራም» የሚለውን ሁሉ በዚያ መጠርጠር ግን ነውር ነው፤ መጀመሪያ አብረው ተቀምጠው ይዩ።

ከዚያ በኋላ ማስቀጠል ይመጣል። አብዛኛው ፕሮጀክት ከካፒታል በጀት ይሠራል። የዓመት ጥገናው፣ የሰርቨሩ ባትሪ፣ የኢንተርኔቱ ክፍያ ግን ከመደበኛ በጀት ነው የሚወጣው፤ እዚያ ማንም አላስያዘውም። ለሚቀጥለው ዓመት በጀት ስትጠይቁ ለዚህ የራሱ መስመር ይኑረው። የኔትወርኩንም ነገር ጎንደር ላለ ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ ነበር። ኢንተርኔት ከሌለ የማይከፈት ሲስተም ለእናንተ አይሆንም። አዘዞ ያለው ቅርንጫፍ መስመሩ ቢቋረጥም ገንዘብ ተቀብሎ ደረሰኝ ቆርጦ፣ መስመሩ ሲመለስ ወደ ዋናው መላክ መቻል አለበት። ይህ ከጅምሩ ካልታሰበበት በኋላ የሚጨመር ነገር አይደለም። አቅራቢዎች «በኋላ እንጨምረዋለን» ይላሉ። አትመኑ።

ሦስቱ የአይሲቲ ልጆች ደግሞ ወርቅ ናቸው። የፕሪንተር ቀለም በመቀየር አታድክሟቸው። አንዱ የሰርቨሩንና የዳታቤዙን ሥራ፣ አንዱ ከአቅራቢው ጋር ያለውን ቴክኒካዊ ጉዳይ፣ አንዱ የሠራተኛውን ድጋፍ ይያዝ። ግን የአንዱን ሥራ ሌላውም ይወቅ። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ። የሰርቨሩን ፓስወርድ የሚያውቀው አንድ ልጅ አዲስ አበባ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ቢሄድ ምን ይውጣችኋል? ፓስወርዶቹ በታሸገ ፖስታ ካዝና ይግቡ፣ በተቀየሩ ቁጥርም ፖስታው ይታደስ። ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኢንፎርማቲክስ ተማሪዎችን ለተግባር ልምምድ መቀበል ጥሩ ነው። ዳታ በማጽዳቱና በፈተናው ሥራ ብዙ ያግዛሉ። ዋናውን ሲስተም ግን ለመመረቂያ ሥራ አትስጧቸው። ተመርቀው ሲሄዱ ሲስተሙን የሚያውቀው አብሮ ይሄዳል።

ሰርተፍኬቱን በሚመለከት ባጭሩ። ፒኤምፒም ሆነ ፕሪንስ2 የሚባሉት የፕሮጀክት ማኔጅመንት ሰርተፍኬቶች መጥፎ አይደሉም። አንድ ሰው ቢወስድ ቋንቋውን ያመጣላችኋል፣ ስጋትን መመዝገብና ጊዜ ማቀድ ይለምዳል። ፈተናው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ዋጋውን ያስቡበት። ግን የሰለጠነ ሰው መወሰን ወደማይፈልግ ተቋም ሲመለስ የሚያምር ሰንጠረዥ ብቻ ነው የሚሠራው። ስክረም (ሥራውን በአጫጭር ዙሮች ከፋፍሎ መሥራት) ይሻላል ወይስ በቅደም ተከተል መሥራት የሚለውም ክርክር ለእናንተ ገና ነው። ዋትስ ሃምፍሬይ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የሶፍትዌር ተቋም ውስጥ ሆኖ ያስተዋወቀው የሶፍትዌር አሠራር ብስለት መለኪያ አምስት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ደረጃ ሥራ የሚያልቀው በጥቂት ጎበዞች ትግል የሆነበት ነው። ሁለተኛው አንዴ የተሳካውን ደግሞ መሥራት የሚቻልበት። ለአንድ የከተማ ተቋም ሁለተኛው ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚሸጥላችሁ አማካሪ ካለ ዋጋውን ጠይቃችሁ ሸኙት።

አለቆችዎ «ሰው እንጨምርበት» ካሉም ይህን ይንገሯቸው። የአይቢኤምን ትልቅ የሶፍትዌር ሥራ የመራው ፍሬድ ብሩክስ የዘገየ የሶፍትዌር ፕሮጀክት ላይ ሰው መጨመር ይበልጥ እንደሚያዘገየው ከጻፈ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሆኖታል። አዲሱን ሰው የሚያስረዳው ያው ሥራ የበዛበት ነባሩ ነው።

ሁለተኛውን አቅራቢ ስለ ማሰናበት፦ ገና አይወስኑ። በመጀመሪያ ባለቤቱ በደብዳቤ ይመደብ። ከዚያ ከአንድ ክፍለ ከተማ ሃምሳ ያህል ደንበኛ መርጣችሁ፣ ስማቸውንና አድራሻቸውን አጽድታችሁ፣ የአንድ ወር ሂሳባቸውን አቅራቢው ባለበት በሲስተሙ ሥሩ። ገንዘብ ተቀባይዋ ራሷ ትሥራው፤ አቅራቢው ኪቦርድ አይንካ። ያልሠራውን ሁሉ በዝርዝር ጽፋችሁ በቁጥር ወጪ በሆነ ደብዳቤ ስጡት፣ ቀን ገደብም አስቀምጡ። ምናልባት ጉድለቱ ትንሽ ሆኖ፣ የጎደለው የእናንተ ዳታና ውሳኔ ብቻ ሆኖ ታገኙት ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ሦስተኛ አቅራቢ መፈለግ ሌላ አምስት ዓመት ማቃጠል ነው።

የማይድን ከሆነ ደግሞ የመለያየት ቃል ከማንሣታችሁ በፊት የዳታቤዙን ሙሉ ቅጂና ሶርስ ኮዱን (ፕሮግራመሩ የጻፈውን ዋናውን ኮድ) ተረከቡ። ሶርስ ኮዱ የማን እንደሆነ ውሉ ካልተናገረ የሕግ ባለሙያችሁ ይየው። የመጨረሻው ክፍያ በእጃችሁ ካለ ጉልበታችሁ እሱ ነው። የውል ማስከበሪያ ዋስትናውንም (አቅራቢው ውሉን ቢያፈርስ ባንክ የሚከፍላችሁን) ዛሬውኑ ከፋይናንስ ክፍል አስወጥተው የሚያበቃበትን ቀን ይመልከቱ። ቀኑ የተቃረበ ከሆነ ከማንኛውም ፈተና በፊት እንዲራዘም በደብዳቤ ይጠይቁ። ጊዜው ካለፈ ባንኩ አይከፍልም።